ከመኪና አደጋ በኋላ ማን ይጠየቃል? በአዳማ የሚገኝ የአንድ የጥብቅና ቢሮ አገልግሎት

ይህ ጽሑፍ በአዳማ መሃል ከተማ የሚገኝና ሥራውን በአመዛኙ በተሽከርካሪ አደጋ ካሳ ላይ ያደረገ አንድ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። የእህቴ ጉዳይ በይግባኝ ላይ ስላለ የቢሮውን ስም አልጠቅስም። የጻፍሁትም ለቢሮው ደንበኛ ለመሰብሰብ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው የማንኛውንም ጠበቃ በር ሲያንኳኳ ምን መጠየቅና ምን መጠበቅ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ነው። ቢሮው በአብዛኛው የሚመሰገን ሥራ ሠርቶልናል፤ ሊያርማቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉት። ሁለቱንም እንዳየሁት አቀርባለሁ።

ጉዳያችን በአጭሩ ይህ ነው። እህቴ ፍራንኮ አካባቢ በዜብራ ላይ መንገድ ስትሻገር፣ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ይጓዝ የነበረ የጭነት አይሱዙ ገጭቷት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ሾፌሩ ቅጥር ሠራተኛ ነው፤ የመኪናው ባለንብረት የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው። ሾፌሩ ለትራፊክ ፖሊስ የሰጠው ቃል «ድንገት ገባችብኝ» የሚል ነበር። እህቴ ገና ከሆስፒታል አልጋ ሳትነሳ ከሾፌሩ ወገን ሽማግሌዎች መጡ። የሕክምናውን ወጪ እንደሚሸፍኑና ጥቂት ገንዘብ እንደሚጨምሩ ገልጸው፣ በምትኩ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት እንድንፈርም ጠየቁ። ወደ ጠበቃ ቢሮ የሄድነው ይህንን ወረቀት ይዘን፣ ሳንፈርም ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠበቃዋ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው። ምክንያቱንም ወዲያው አስረዱን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይጸናል፤ ጠበቃዋ ግን በዚህ መተማመን ጥሩ ልማድ እንዳልሆነ አስጠነቀቁን። ብዙ ተጎጂዎች ስብራቱ እስኪጠግን፣ የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ፣ ሽማግሌው እስኪመለስ እያሉ መብታቸው በእጃቸው ላይ እንደሚያልፍባቸው ነገሩን። አንድ የአደጋ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ክፍያ ከሆነና ስለ ቀኑ ካልጠየቀ፣ በእኔ አስተያየት ሌላ ጠበቃ መፈለግ ይገባል።

ከዚያ ቀጥሎ ያገኘነው ማብራሪያ የዚህ ቢሮ ትልቁ ጥንካሬ ነው። እኛ ሁሉንም ነገር «የትራፊክ ጉዳይ» ብለን አንድ ላይ ጠቅልለነው ነበር። ጠበቃዋ ግን የወንጀሉን ክስ፣ የፍትሐ ብሔሩን ካሳና የኢንሹራንሱን ክፍያ ለየብቻ አስቀምጠው የእያንዳንዳቸውን ጠያቂና ተጠያቂ በወረቀት ላይ ጻፉልን። በወንጀሉ ከሳሹ ዓቃቤ ሕግ ነው፤ የሚጠየቀውም ሾፌሩ ብቻ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ደግሞ በአንቀጽ 543 ይወድቃል። በሙያው ምክንያት የሰውን ሕይወትና አካል የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ በክፍያ የሚያሽከረክር ሾፌር፣ ከሌላው ሰው የከበደ ቅጣት ይጠብቀዋል። በካሳው በኩል ግን ከሳሽዋ እህቴ ራሷ ናት፤ በዚያም የሚጠየቀው ሰው ሾፌሩ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለማያውቀው፣ እኛም ስላላወቅነው የባለንብረት ኃላፊነት በሰፊው ልጻፍ። ከአደጋው በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሾፌሩ ነበር፤ ደመወዝተኛ ስለሆነ ምን ሊከፍል ይችላል እያልን ተስፋ ቆርጠን ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ግን የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለንብረቱ ከዚህ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 2086 መሠረት «እኔ ጥፋት የለብኝም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ወይም «ልከላከለው አልችልም ነበር» የሚሉት መከራከሪያዎች ባለንብረቱን ነፃ አያወጡትም። ከኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል የሚድነው ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ነው። በሌላ ከተማ ተቀምጦ መኪናውን ለኪራይ ወይም ለጭነት የላከ ሰው «እኔ አልነዳሁም» ሊል አይችልም ማለት ነው። ከመኪናው የሚገኘው ገቢ የእሱ እንደሆነ ሁሉ መኪናው የሚያመጣው አደጋም የእሱ ነው፤ ይህ የሕጉ አቋም ለእኔ ፍትሐዊ ሆኖ ይታየኛል።

ቢሮው ይህንን ከነገረን በኋላ በተግባርም ተከተለው። በሰሌዳው ቁጥር የሊብሬውን ባለቤት ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አጣራ። ክሱን በሾፌሩና በባለንብረቱ ላይ በአንድነት አቀረበ። ባለንብረቱ የሚኖረው ሌላ ከተማ ስለነበር እዚያ ድረስ ሄደን መክሰስ ይኖርብናል ብለን ፈርተን ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ክስ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል አዳማ ላይ መክሰስ እንደምንችል ተነገረን። በክራንች ለምትሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባለንብረቱ ያለ ጥፋትም ኃላፊ ከሆነ፣ የሾፌሩን ጥንቃቄ ጉድለት ማስረዳት ለምን ያስፈልጋል? ይህንን ጥያቄ ለጠበቃዋ አቅርቤ ነበር። መልሳቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሾፌሩን ራሱን ተጠያቂ ለማድረግ ጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛና ዋናው፣ «ድንገት ገባችብኝ» የሚለው ቃል እህቴን ጥፋተኛ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ካልተመለሰ ካሳዋን ሊቀንሰው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። አንቀጽ 2098 ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ተጎጂው የሚያገኘው ካሳ በከፊል ብቻ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ የማን ጥንቃቄ ጎደለ የሚለው ጥያቄ ካሳው ስንት ይሆናል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

የጥንቃቄ ግዴታ ማለት ምን እንደሆነ በዚህ ቢሮ ውስጥ የሰማሁትን ያህል ግልጽ ማብራሪያ ሌላ ቦታ አልሰማሁም። አንድ አሽከርካሪ ወደ ዜብራ ሲቃረብ እግረኛ ሊኖር እንደሚችል መገመት፣ ፍጥነቱን መቀነስና ለማቆም መዘጋጀት አለበት። እግረኛው ከታየ በኋላ ፍሬን መያዝ ብቻውን ግዴታውን መፈጸም አይሆንም፤ ግዴታው የሚጀምረው እግረኛው ከመታየቱ በፊት ነው። የጫነ መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት እንደሚፈልግ የሚያውቅ የጭነት ሾፌር ደግሞ ከቤት መኪና አሽከርካሪ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይጠበቅበታል። በአንቀጽ 2035 መሠረት ግልጽ የሆነ የሕግ ወይም የደንብ ድንጋጌን መጣስ በራሱ ጥፋት ነው፤ ሕጉን አላውቅም ማለትም ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ በማቋረጫ ላይ ቅድሚያ አለመስጠቱ ከተረጋገጠ፣ ሾፌሩ በአጠቃላይ ጠንቃቃ ሰው ነው አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ ቦታ አይኖረውም።

ይህን ለማረጋገጥ ቢሮው የሠራው ሥራ ከወረቀት ያለፈ ነው። በመጀመሪያ የትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላን ቅጂ አስወጡ። በፕላኑ ላይ እህቴ የወደቀችበት ነጥብ፣ የፍሬኑ ምልክት የጀመረበት ቦታና መኪናው የቆመበት ቦታ ተለክቶ ተቀምጧል። የቢሮው ረዳት ፕላኑን ይዞ ወደ ቦታው ሄዶ፣ የዜብራው ቀለም በአንድ በኩል ቢደበዝዝም ከሩቅ እንደሚታይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አነሳ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸውን ሰው አነጋግሮ ምስክር ለመሆን ፈቃደኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። ጠበቃዋ በችሎት የተከራከሩት በዋናነት በፕላኑ ነው። የፍሬኑ ምልክት የጀመረው ዜብራው ላይ ከደረሰ በኋላ ከሆነ፣ ሾፌሩ ወደ ማቋረጫው ሲቃረብ ፍጥነቱን አልቀነሰም ማለት ነው የሚል ክርክር አቀረቡ። ምስክሮች ይዘነጋሉ፣ ይፈራሉ፣ አንዳንዴም አድራሻ ይቀይራሉ፤ በዕለቱ የተለካ ፕላን ግን አይለወጥም። አደጋ የደረሰበት ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ፕላኑ በትክክል መነሳቱን መከታተል እንዳለበት የተረዳሁት በዚህ ጊዜ ነው።

ወደዚህ ቢሮ የመራን ባለባጃጅ ጎረቤታችን ነበር፤ የእሱን ጉዳይም መጥቀስ ይገባል፤ ምክንያቱም ከእኛው ይለያል። የእሱ ባጃጅና አንድ የቤት መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጩ፤ ሁለቱም «ቅድሚያ የእኔ ነበር» አሉ፤ ፕላኑም በግልጽ የሚለይ አልሆነም። አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፣ እያንዳንዱም ባለንብረት ከጠቅላላው ጉዳት ግማሹን ይሸከማል ይላል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ጎረቤታችን ሙሉ ካሳ ይገባኛል ብሎ ሲሟገት የከረመ ሰው ነበር። ጠበቃዋ ፕላኑንና የምስክሮቹን ቃል ከመረመሩ በኋላ ግምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ እንደሌለው በግልጽ ነገሩት፤ በግማሽ ሒሳብ እንዲስማማም መከሩት። የክርክር ክፍያ የሚያገኝ ባለሙያ «አትከራከር» ብሎ ሲመክር ማየት እምነት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ጎረቤታችንም ወደዚያ የላከን በዚህ ምክንያት ነው።

የኢንሹራንሱ ጉዳይ ሌላው ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። በአገራችን ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ ተለጣፊውም በመስታወቱ ላይ ይታያል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። መታወቅ ያለበት ጉዳይ ግን ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ ግዴታ ጣሪያ መሆኑ ነው። ጣሪያው የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ የደረሰው ጉዳት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ትርፉን የሚሸፍኑት ባለንብረቱና ጥፋተኛው ሾፌር ናቸው። በእኛ ጉዳይ ባለንብረቱ የመድን ድርጅቱ ጣልቃ ገብቶ እንዲከራከር ጠየቀ፤ ድርጅቱም ገባ። አንድ የመድን ሠራተኛ ቀደም ብሎ ለእህቴ «ሕጉ የሚፈቅደው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ምንም የለም» ብሎ ነግሯት ነበር። ድርጅቱን በሚመለከት ይህ አባባል ትክክል ሊሆን ይችላል። በአልጋ ላይ ላለች ተጎጂ ግን መብቷ ሁሉ ያ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ ትልቅ በደል ነው፤ ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው በተመሳሳይ ቃል ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መኪናው መድን የሌለው ሲሆን ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሳ የሚጠየቅበት የመድን ፈንድ በሕግ እንደተቋቋመም በዚሁ ቢሮ ነው የተነገረን።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ቢሮው የያዘው አቋም በጣም አስደስቶኛል። ሽምግልና በእኛ አካባቢ ክቡር ነገር ነው፤ በኦሮሞ ባህል ጉማ በሰው ሕይወት ወይም አካል ላይ ጉዳት ሲደርስ ሁለቱን ወገኖች አስታርቆ ደም እንዳይፈላለጉ የሚያደርግ ትልቅ ሥርዓት ነው። ጠበቃዋ ሽማግሌዎቹን አልናቁም፤ ቢሮአቸው ድረስ ጋብዘው በአክብሮት አነጋገሯቸው። አንዱን አዛውንት «አባቴ፣ እርቁን እኛም እንፈልገዋለን፤ ነገር ግን እግሯ ምን ያህል እንደሚጠግን ሐኪሙ ሳይናገር ስለ ካሳ መጨረሻ መፈረም አንችልም» ሲሏቸው ሰማሁ። አዛውንቱም «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ወረቀቱን መልሰው ወሰዱ። በኋላ ለእኛ እንዳብራሩልን፣ በአግባቡ የተደረገ የእርቅ ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ተጎጂው የጉዳቱን መጠን ሳያውቅ ከፈረመ በኋላ መመለስ በጣም ይከብዳል። በሌላ በኩል እርቅ ብቻውን የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፤ በተለይ ሞት በደረሰበት ጉዳይ ክሱን የሚያንቀሳቅሰው ዓቃቤ ሕግ ነው፤ እርቁ የሚጠቅመው ቅጣቱ ሲመዘን እንደ ማቅለያ ሊታይ መቻሉ ነው። ሾፌሩ በወንጀሉ ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ እንደማይገደድ አንቀጽ 2149 ይደነግጋል። ይህንን ስንሰማ ከወንጀሉ ችሎት የሚመጣው እያንዳንዱ ወሬ እንደ በፊቱ አያስደነግጠንም ነበር።

ካሳው ሲሰላ የነበረው ሥራ አድካሚ ነበር። እህቴ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች፤ የሒሳብ መዝገብ የላትም፤ ግብርም የምትከፍለው በቁርጥ ነው። ተከሳሾቹ ገቢዋን ወደ ምንም ሊያወርዱት ሞከሩ። ቢሮው ከአጠገቧ የሚሸጡ ሰዎችን በምስክርነት አቀረበ፤ የግብር ደረሰኞቿን አያያዘ፤ ትክክለኛው መጠን በማስረጃ ሊረጋገጥ በማይችልበት ሁኔታ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም በፍትሐዊ ግምት፣ ሊወስን እንደሚችል አንቀጽ 2102ን ጠቅሶ ተከራከረ። የሕክምና ቦርዱ የሰጠው የጉዳት መቶኛ ለወደፊት የምታጣውን ገቢ ለማስላት መሠረት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ከጠየቅነው አነስ ያለ፣ ሽማግሌዎቹ ካቀረቡት ግን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካሳ ወስኗል። ለሕሊና ጉዳት የተወሰነው ግን 1,000 ብር ነው፤ ምክንያቱም አንቀጽ 2116 ከዚያ በላይ እንዳይወሰን ይከለክላል። ይህ ጣሪያ በ1952 ዓ.ም. ሲቀመጥ ብሩ ብዙ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ግን ለወራት በሕመም የተሰቃየን ሰው በዚህ ገንዘብ ማጽናናት የማይቻል ነገር ነው። ጥፋቱ የቢሮውም የዳኛውም አይደለም፤ ሕግ አውጪው ሊያየው የሚገባ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የማነሳውም ተጎጂዎች በዚህ ርዕስ ብዙ እንዳይጠብቁ ነው።

የቋንቋውን ጉዳይም ሳልጠቅስ አላልፍም። አዳማ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖርባት ከተማ ብትሆንም፣ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው፣ መልሱና ፍርዱ የሚጻፈው በዚያ ቋንቋ ነው። እህቴ በገበያ የሚበቃትን ያህል ብትናገርም የሕግ ጽሑፍ ማንበብ አትችልም። ቢሮው ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት የሚቀርበውን ጽሑፍ በአማርኛ አንብቦ ያስረዳን ነበር፤ ሳንረዳው የገባ አንድም ወረቀት የለም። ጠበቃዋ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የሚያስፈልገው ፈቃድ እንዳላቸው በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው አሳይተውናል። ሌላ ጠበቃ የሚይዝ ሰውም ይህንን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ይወቅ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልመለስ። የመጀመሪያውና በጣም ያሳዘነኝ የቢሮው ቦታ ነው። ሥራው እግራቸው የተሰበረ፣ ወገባቸው የተጎዳ ሰዎችን መርዳት ሆኖ ሳለ ቢሮው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እህቴን ተሸክመን የወጣንባቸው ቀኖች አሉ። ይህንን ስናነሳ ረዳቱ ወደ ታች ወርዶ በሕንፃው መግቢያ ባለው ካፌ ሊያነጋግራት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ይሁንና የሰው ጉዳት በካፌ ውስጥ፣ በሌላ ሰው ፊት የሚወራ ነገር አይደለም። ኪራይ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ቢሮ ምድር ቤት የሚገኝ አንዲት ክፍል እንኳ ከሁሉ መቅደም ነበረባት።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ደረሰኞች በጊዜ አለመንገራቸው ነው። ለመድኃኒት፣ ለራጅ፣ ለመመላለሻ ታክሲ ያወጣነውን ገንዘብ በደረሰኝ እንድናስቀምጥ የነገሩን ዘግይተው፣ ክሱ ሊገባ ሲቃረብ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙው ደረሰኝ ጠፍቶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ማስረጃ የቀረበበትን ወጪ ብቻ ነው የተቀበለው። ለአዲስ ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ሊሰጥ የሚችል ምክር ነበር። ሦስተኛው፣ ቀጠሮ ሲቀየር ቶሎ አያሳውቁም። ዳኛ በሌለበት ወይም መዝገቡ ባልተሠራበት ቀን ሥራችንን ትተን ሄደን የተመለስንበት ጊዜ አለ፤ ለቢሮው ግን አንድ አጭር የስልክ መልእክት መላክ ብዙም አይከብደውም ነበር።

የክፍያው ነገር ደግሞ እንደ ሰው አቅም የሚታይ ነው። ለመጀመሪያው ምክር ገንዘብ አልተጠየቅንም። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ አበሉ ከሚፈረደው ካሳ ከመቶ 15 ሆኖ፣ የሚከፈለውም ገንዘቡ በእጃችን ሲገባ ነው። የዳኝነት ክፍያ ግን የከሳሹ ስለሆነ፣ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ይህን ክፍያ ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ እንደሚችል ነግረውናል፤ ለእህቴም ማመልከቻውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጽፈውላታል። ይህ አሠራር ገንዘብ የሌለውን ተጎጂ በእጅጉ ይረዳል። በሌላ በኩል የቀላል ጉዳት ባለጉዳዮችን ቢሮው ብዙም እንደማይፈልጋቸው ታዝቤአለሁ። መብራትና ስፖኪዮ የተሰበረበት ሰው መጥቶ «በስምምነት ጨርሱት» ተብሎ በአጭሩ ሲሸኝ አይቻለሁ። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አቀራረቡ ግን ትንሽ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ ቢሮውን ለማን እመክራለሁ? የአካል ጉዳት ለደረሰበት፣ የሚያስተዳድረው ሰው ለሞተበት፣ ባለንብረቱና ሾፌሩ የተለያዩ ለሆኑበት፣ ጥፋቱ ወደ ተጎጂው እየተገፋ ላለበት ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ጉዳዩ የንብረት ብቻ ከሆነና ሁለቱም ወገን መድን ካላቸው ግን በቀጥታ ወደ መድን ድርጅቶቹ መሄድ ይቀላል።

ውል የሚፈርም ሰው አንድ አንቀጽ በጥንቃቄ ያንብብ፤ እሱም ስለ ይግባኝ የሚናገረው ነው። ባለንብረቱ በካሳው መጠን ላይ ይግባኝ ብሏል፤ እኛም መልስ ሰጥተናል። በውላችን መሠረት ከመቶ 15ቱ የመጀመሪያ ደረጃውን ፍርድ ቤት ክርክር ብቻ ይሸፍናል፤ ለይግባኙ የተለየ ክፍያ አለው። ጠበቃዋ ይህንን ስንፈርም ጠቅሰውት ነበር፤ መጠኑ ግን በውሉ ላይ አልተጻፈም፤ በኋላ ተነጋግረን ተስማማን። አዲስ ደንበኛ የይግባኙና የአፈጻጸሙ ክፍያ ስንት እንደሆነ በቁጥር እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ቢሮው ሲጠየቅ እንደማይከለክል ከእኛ በኋላ የሄደች አንዲት ዘመዳችን አረጋግጣልኛለች።